የይፋት ቆላና የሌሊት ውሾች

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ የደሴን መንገድ የያዝህ እንደ ሆነ፣ ደብረ ብርሃንን አልፈህ ጣርማ በር እስክትደርስ ድረስ ካፖርትህን አታውልቅ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ጉሙ አንዳንድ ጊዜ በቀትር እንኳ የመኪና መብራት ያስበራል። ዋሻውን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል መጠምዘዝ ስትጀምር ግን ልብስህን አንድ በአንድ ትቀንሳለህ፤ ሸዋ ሮቢት በደረስህ ጊዜ በሸሚዝ ብቻ ቀርተህ ጥላ ትፈልጋለህ። የተጓዝኸው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የወረድኸው ግን ከገብስ ወደ ማሽላና ማሾ፣ ከበግ ወደ ግመል ነው።

ይህ አገር የጥንቱ የይፋት ሡልጣኔት አገር ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የወላስማ ነገሥታት የገዙት፣ የዘይላ ነጋዴ ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ሲወጣ የሚያልፍበት አገር ነበር። የኖራን የመሳሰሉ የድንጋይ ከተማዎች ፍርስራሽ ዛሬም በተራራው ግርጌ ይታያል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማለፍ ይልቅ ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግሁ፤ ስለዚህ አንድ ዓመት በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ስድስት ልጆች ይዤ ሁለት ድንኳን ተሸክመን ወረድን።

ከመነሣታችን በፊት ልጆቹ ስለ አንበሳ፣ ስለ ጅብና ስለ እባብ ጠየቁኝ። ስለ ወባ እኔው አንሥቼ አጎበር አስያዝኋቸው። ስለ ውሻ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አላሰብሁም።

አንዱ ልጅ ስለ ተኩላ ጠይቆ ነበር፤ በመንጋ የሚያድነው፣ ቆዳው የተዥጎረጎረው፣ ፈረንጆች የአፍሪካ የዱር ውሻ የሚሉት ማለት ነው። ይህ አውሬ ከአብዛኛው የሀገራችን ክፍል ጠፍቷል፤ ባለበትም አገር ሰውን ሲያይ የሚሸሽ እንጂ የሚተናኮል አይደለም። ቀይ ቀበሮም ቢሆን ከይፋት በላይ በመንዝ ጓሳ ደጋ ላይ ነው የሚኖረው፤ ምግቡም አይጥ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሶች ብቻ የቀሩት ይህ ፍጥረት እኛን ሊያስፈራ ቀርቶ እርሱ ራሱ የእኛን ውሻ ሊፈራ ይገባዋል፤ በባሌ ተራሮች በተለያዩ ዓመታት የቀይ ቀበሮን መንጋ የጨረሰው ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነውና።

እንግዲህ ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ከአንድ ደረቅ የወንዝ ዳር፣ ከሰው ቤት ብዙም ሳንርቅ ድንኳናችንን ተከልን። ማሽላው ታጭዶ አልቆ ነበር፤ ወፍ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት ማማ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከከተማው የገዛነውን ሥጋ ጠበስን፤ ልጆቹም አጥንቱን በጨለማው ውስጥ እየወረወሩ ማን አርቆ እንደሚጥል ይፎካከሩ ጀመር። እኔም አብሬ ወረወርሁ። እሳቱን አጥብቀን አነደድንና እሳት ያለበት አውሬ አይደርስም ብለን ተኛን።

የሳትሁት እዚህ ላይ ነው። እሳት የዱር አውሬን ያርቅ ይሆናል፤ ውሻ ግን ሰው ያሳደገው ፍጥረት ስለ ሆነ ለእርሱ እሳት ማለት እራት ማለት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በጩኸት ነቃን። አራት ይሁኑ አምስት ውሾች በአጥንቱ ላይ ይናከሳሉ። ከነርሱ ኋላ ደግሞ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ጅብ ሲያጉረመርም ሰማን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም ግን ያን ሌሊት አየሁ። ከልጆቹ አንዱ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሽንት ወጥቶ ኖሮ፣ ጩኸቱን ሲሰማ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ሮጦ የሄደውን ውሻ ይከተለዋል፤ ባቱን ያዘው።

በባትሪ ብርሃን አየሁት። ሁለት የጥርስ ምልክትና ጥቂት ደም። «መምህር፤ ምንም አይደለም፣ ጭረት ናት» አለኝ፤ ልጁ ጉዞው እንዳይቋረጥ ፈርቷል። እኔም ያንኑ ፈርቻለሁ። ስለዚህ በመሐረብ አሰርሁለትና ተኛ አልሁት። ሳሙና በሻንጣዬ ነበረ፤ ውሃም በጀሪካን ሞልቶ ነበረ።

ሲነጋ የአቅራቢያው ቤት ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ሽመላቸውን ይዘው መጡ። ሌሊት ጩኸቱን ሰምተዋል።

«መምህር፤ የነከሰው ውሻ የማን እንደ ሆነ ዐውቃችኋል?»

«አላወቅንም፣ አባቴ።»

«የኔ ሁለቱ ታስረው ነው ያደሩ። የጎረቤቴንም ውሻ በድምፁ ዐውቀዋለሁ። ያ የጮኸው የመንደራችን አይደለም፤ ከከተማ የመጣ ነው።»

«ጭረት ብቻ ናት፣ አባቴ።»

«የአክስቴን ልጅ የወሰደችው ጭረት ናት፣ ልጄ። ቁስሉ ሽሮ ጠባሳው እንኳ ጠፍቶ ነበር። በሁለተኛው ወር ውሃ ሲያቀርቡለት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይልቅ ተነሥ፤ ልጁን ይዘህ ሂድ።»

ሽማግሌው መጽሐፍ አላነበቡም፤ የተናገሩት ግን ሐኪም ከሚናገረው አይለይም። የእብድ ውሻ በሽታ ተሐዋሲ ከውሻው ምራቅ በቁስሉ ይገባና በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ከዓመት በላይም ይቆያል። ሰው የሚድነው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና የሚታወቅ ከሆነ ዐሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል፤ በነዚያ ቀናት ሳይታመም ከቆየ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ያ ምርመራ ግን ሕክምናውን አያዘገይም። የእኛው ውሻ ደግሞ በጨለማ መጥቶ በጨለማ ሄዷል።

ቁስሉን ያጠብነው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። በመጀመሪያ የደረስንበት ጤና ጣቢያ ክትባቱ የለም አሉን፤ ተሳፍረን ወደ ሌላ ከተማ ሄድን። በመንገድ ላይ ልጁ ጭንቅላቱን በመስኮቱ ላይ አስደግፎ ሲያንቀላፋ፣ እኔ የማስተምረውን ታሪክ እያሰብሁ ሰዓት እቆጥር ነበር። ሉዊ ፓስተር በ1885 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያውን ክትባት የሰጠው ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በተነከሰ በሁለተኛው ቀን ነበር፤ ልጁም ድኗል። እኛ ገና አንድ ቀን አልሞላንም እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ማታ ክትባቱን አገኘን። በሀገራችን ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀው መድኃኒት ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ በሆድ ላይ የሚወጋ ነበር፤ አዲሱ ግን በክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቀጠሮውን ግን አንድም ቀን ማሳለፍ አይገባም።

ለሥራ ወደ ቆላ የምትላክ ወጣት ሠራተኛ ብትሆን፣ ለቆጠራም ለቅየሳም ቢሆን፣ አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ማደርህ አይቀርም። ስለዚህ ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ልንገርህ። ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱንና የአገሩን ሰላም ጠይቅ። ከዚያ ሳትመሽ ደርሰህ በአቅራቢያው ያለውን ባለቤት አስፈቅድ፤ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ባለቤቱ ሲያነጋግርህ ያየ ውሻ ሌሊት እንደ ሌባ አይቆጥርህምና። ድንኳንህን ከመንደር ወደ ውሃ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ፣ ከብት ከሚታረድበት ወይም ጥራጊ ከሚጣልበት አጠገብ አትትከል። በደረቅ ወንዝ ውስጥማ ከቶ አትተኛ፤ ሰማዩ በላይህ ጠርቶ ሳለ በመንዝ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። አጥንቱን አትወርውር፤ ቢቀብሩትም ውሻ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ፈጽሞ አቃጥለው። የተረፈውን ምግብ አሥረህ ከድንኳኑ ራቅ ባለ ዛፍ ላይ ስቀለው። ሌሊት የሚወጣ ሰው ጓደኛ ቀስቅሶ፣ ባትሪና ዱላ ይዞ ይውጣ።

ውሻ የመጣብህ እንደ ሆነ አትሩጥ፤ ጀርባህንም አትስጠው። ዓይን ለዓይን አትፍጠጥበት። ጎንበስ ብለህ ድንጋይ የምታነሣ ምሰል፤ የሀገራችን ውሻ ይህን ምልክት ከቡችላነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ድንጋይ ባይኖርም እንኳ ብዙ ጊዜ ያፈገፍጋል። ዱላህን ሳትወዘውዝ በአንተና በእርሱ መካከል ዘርጋና እያየኸው ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሂድ። ከጣለህ ደግሞ ተኰራምተህ አንገትህንና ጆሮህን በእጅህ ሸፍን። ቡችላ በመንገድ ብታገኝ አታንሣ፤ እናቲቱ ሩቅ አይደለችም።

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ለልጁ እናት ነገሩን ለመንገር ሄድሁ። ቡና አፍልተው እስኪጨርሱ ድረስ ምንም አልተናገሩም። በመጨረሻ «ታዲያ ሌሊቱን እንዲያው ተኛችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አዎን አልሁ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ሦስት ወር ሙሉ በየጧቱ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው የዚያን ልጅ ወንበር ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ውሃ ሲጠጣም ሳልታወቅ አየዋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር እንደ ገና ወደ ይፋት ወረድን፤ እርሱም መጣ። ከመኪና እንደ ወረድን ሻንጣውን ሳያስቀምጥ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዶ፣ «አባባ፤ ውሾቹን ያስተዋውቁን» አለ። እርሳቸውም ሁለቱን ውሾች በየስማቸው ጠርተው፣ ስድስታችንን አንድ በአንድ አስሸተቷቸው።