ስለ አፍ ንጽሕናና ስለ አንዲት ትንሽ ከረጢት

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ይዞት የሚሄደውን ዕቃ የተመለከተ እንደ ሆነ፣ ያ ሰው የሚያስብለትንና የሚሠጋበትን ነገር ያውቅበታል። ነጋዴ ቦርሳውን፣ ተማሪ መጽሐፉን፣ መንገደኛ በትሩን ሳይዝ አይወጣም። በኢትዮጵያ ግን ባለጠጋና ድኻ፣ ካህንና ወታደር፣ ባላገርና ከተሜ ሳይለይ ሁሉ ሲይዘው የኖረ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እርሱም መፋቂያ ነው። ሰውየው ከጋቢው እጥፋት ወይም ከኪሱ ያወጣውና ጫፉን በጥርሱ ያላምጠዋል፤ ጭረቱ እንደ ብሩሽ በተበተነ ጊዜም ጥርሱን ይፍቅበታል፤ ጫፉ ያለቀ እንደ ሆነ ቈርጦ ይጥልና አዲሱን ይዠምራል። ውሃ አይሻም፣ መስተዋት አይሻም፣ ቤትም አይሻም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ዐቀበት የሚወጣ ሰው ይህን ነገር ሳያይ አይቀርም። አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ እየፋቀ ይወጣል፤ ሌላው ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ እየፋቀ የሚያልፈውን ሰው ይመለከታል፤ እንጨት ተሸካሚዎቹም እናቶች የባሕር ዛፍ ሸክማቸውን አዝለው ጐንበስ እንዳሉ ቍልቍል ይወርዳሉ። ባሕር ዛፍ ግን ለማገዶና ለቤት ሥራ እንጂ ለመፋቂያ የተመረጠ አይደለም። ለመፋቂያ የተመረጡት ወይራና ልምጭ ናቸው፤ በአዲስ አበባ መንገድም ልጆች እየቈረጡ ይሸጡአቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ1986 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ መፋቂያ በተለመደበት አገር ሕዝቡ እንዲጠቀምበት አበረታቷል። ስለዚህ አባቶች ይዘውት የኖሩት እንጨት የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን ዕቃ ሁሉ ለተሠራለት ነገር ነው። ቍልፉ ሲለወጥ መክፈቻው ይለወጣል። የዚህም ምስክር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በነገሡባት በዚህች ደብር አጠገብ ቅኔ ይማር የነበረ አንድ ወጣት ዲያቆን ነው።

ይህ ልጅ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። ቀን በከተማ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ ዐቀበቱን ወጥቶ ከአንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ቅኔ ይቈጥራል፤ ተራው ሲደርስም ይቀድሳል። ጥርሶቹ ከሕፃንነቱ ዠምረው እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ የላዩ ከታቹ ጋራ አልገጥም ብሎት ነበርና፣ በባሕር ማዶ የምትኖር አክስቱ ገንዘብ ልካለት ከጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ብሬስ አሠራ። ብሬስ ማለት በየጥርሱ ላይ ትንንሽ ብረት እየተለጠፈ በመካከሉ ቀጭን ሽቦ የሚሳብበት የጥርስ ማቅኛ ነው።

ይህ ብልሃት እንግዳ ቢመስልም ዕድሜው ረዥም ነው። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈረስ ጫማ ብረት የመሰለ ጠፍጣፋ ማዕድን በአፍ ውስጥ አግብቶ ጥርሱን በክር እያሰረ የማቅናትን ነገር ገልጦአል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግልም በ1899 የጥርስን አለመግጠም በየወገኑ ለይቶ ሥራውን ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን አድርጎታል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ላይ እንደ ምስማር የተቸነከረ አይደለም። ሽቦው በቀስታ ሲገፋው በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። ስለዚህ ሥራው በችኰላ አይሆንም፤ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይፈጃል።

እንግዲህ የልጁ ችግር ከዚህ ዠመረ። ቆሎ የተማሪ ስንቅ ሆኖ ሳለ እርሱ ቆሎ እንዳይቈረጥም ተከለከለ፤ ጠንካራ ፍሬ የተለጠፈውን ብረት ያላቅቀዋልና። እንጀራ በበላ ቍጥር ፍርፋሪው በሽቦውና በብረቱ መካከል ይሰካል። ወይራውን አውጥቶ ሊፍቅ ቢሞክር ጭረቱ ከሽቦው ሥር አይገባለትም፤ ቢጫነውም ብረቱን እንዳይነቅልበት ይፈራል። ሐኪሙም እንዲህ ሲል አስጠነቀቀው። የምግብ ትራፊ በብረቱ ዙሪያ ሲከማች በአፍ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ከስኳሩ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ብርቱ ልባስ እየበላ ነጭ ምልክት ያወጣበታል፤ ብሬሱ በወለቀ ጊዜ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ምልክቱ ግን ይቀራል፤ ከባሰም ይቦረቡራል።

ስለዚህ ልጁ አንዲት ትንሽ ከረጢት ገዝቶ በደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ይይዝ ዠመረ። በውስጧም የምትታጠፍ የጥርስ ብሩሽ፣ የአውራ ጣት ያህል የጥርስ ሳሙና፣ ጠርሙስ እንደሚታጠብበት ብሩሽ ሆና እጅግ ያነሰች ከሽቦው ሥር የምትገባ ብሩሽ፣ በላስቲክ መርፌ ተሰክቶ በጥርስ መካከል የሚሳብ ክር፣ ክብ መስተዋት፣ ደግሞም በትንሽ ሙዳይ የተቀመጠ ሰም ነበረ። ሰሙ ሽቦው ከንፈሩን ወይም ጕንጩን ሲያቈስለው በጣት አድቦልቡሎ በብረቱ ላይ የሚለጠፍ ነው።

ከረጢቷ ሙሉ ነበረች፤ ነገር ግን ልጁ አይከፍታትም ነበረ። ከባልንጀሮቹ መካከል መስተዋት አውጥቶ አፉን መክፈት አሳፈረው። አንዱ ተማሪ “ልጓም የገባለት” ብሎ ቀለደበት። ከዚያ በኋላ ሲስቅ በነጠላው ጫፍ አፉን ይሸፍናል፤ ምሳ ከበላም በኋላ ማታ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ሳያጠራ ይውላል። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ የፈራው ነጭ ምልክት በሁለት ጥርሶቹ ላይ ታየ። ሐኪሙም “እንዲህ የምትሆን ከሆነ ጥርስህ ሳይበላሽ ሽቦውን አስቀድሞ ማውለቅ ይሻላል” አለው።

ከዚህ የበለጠ ሌላ ነገር ደግሞ በልቡ ነበረ፤ ይህንም ለማንም አልተናገረም። ቅዳሴ የገባ ዲያቆን መቍረቡ አይቀርም። እርሱም አንድ ቀን ሌሊት ተኝቶ ሳለ፣ “ቅዱስ ሥጋው ከሽቦው ሥር ቢቀርብኝስ? ስታጠብ ከውሃው ጋራ ብተፋውስ?” የሚል ሐሳብ መጣበት። ይህ ፍርሀት ስለ ጸናበት ተራው በደረሰ ጊዜ “ታምሜአለሁ” ብሎ ቀረ። በሁለተኛው ተራም ቀረ፤ በሦስተኛውም ቀረ።

መምህሩ ግን የተማሪ ድምፅ ሲለወጥ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ ልጁን ከጥድ ሥር አስቀመጡና፣ “ልጄ፣ ሦስት ተራ አሳለፍህ። ታሟል ይሉኛል፤ ቅኔህ ግን የታመመ ሰው ቅኔ አይደለም። የተጨነቀ ሰው ቅኔ ነው” አሉት።

ልጁም ዐንገቱን ደፍቶ፣ “የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልታመምሁም” አለና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። በመጨረሻም፣ “ወይ ሽቦውን አውልቄ ጥርሴ እንደ ቀድሞው ይሁን፣ ወይ ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ከመቅደስ ልቅር፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁም” አለ።

መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው፣ “ይህን ከኔ በፊት ለማን ነግረህ ነበረ?” ሲሉ ጠየቁት።

“ለማንም፣ የኔታ።”

“እንግዲያስ ከሽቦህ ሥር ተሰክቶ የቀረው ይህ ነገር ነው” አሉት። ቀጥለውም፣ “እስቲ ያችን ከረጢት አሳየኝ” አሉ።

ልጁ ያፍርባት የነበረችውን ከረጢት አውጥቶ በጋቢያቸው ላይ ዘረገፈላቸው። እርሳቸውም ትንሿን ብሩሽ አንሥተው በሁለት ጣታቸው እያገላበጡ፣ “ይህቺ መፋቂያ ናት፤ ያገርዋ ዛፍ ሌላ ነው እንጂ” አሉ። ከዚያም ሙዳዩን ከፍተው “ይህስ ምንድር ነው?” ብለው ጠየቁ።

“ሰም ነው፣ የኔታ።”

መምህሩ ይህን ሲሰሙ ሣቁ። “ሰሙን ይዘህ መጣህ፤ ወርቁስ ወዴት አለ?” አሉት። ልጁም ከሐኪሙ የሰማውን አስታውሶ፣ “ሽቦው ራሱ ድሮ ወርቅ ነበረ አሉኝ፤ ዛሬ ነው በብረት የተተካ” አለ። ነገሩም እውነት ነው፤ የማይዝገው ብረት እስከ ተለመደበት እስከ 1930ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ድረስ ጥርስ የሚቀናው ብዙ ጊዜ በወርቅ ሽቦ ነበረ። መምህሩም፣ “እንኪያስ ሙሉ ቅኔ በአፍህ ይዘህ ኖሮአል የምታፍረው? የቅኔ ሰም ወርቁን ሊሰውር ይበጃል፤ ይህን ግን አትሰውረው። የተሰወረ ቍስል ያመረቅዛል። ስለ ቍርባኑ ግን የምፈርድልህ እኔ አይደለሁም፤ ተነሥ፣ ወደ ንስሐ አባትህ እንሂድ” አሉት።

የንስሐ አባቱም ነገሩን በትዕግሥት ሰሙ። ልጁን አልዘለፉትም፤ ፍርሀቱ ከማክበር የመጣ ነውና። ያሉትም ይህ ነው። “ቆራቢ 18 ሰዓት ከእህልና ከውሃ እንዲከለከል ታውቃለህ። በማለዳ በሦስት ሰዓት የምትቈርብ ከሆነ ጾምህ ከዋዜማው ከዘጠኝ ሰዓት ይዠምራል። ያን ጊዜ በትምህርት ቤትም ሁን በመንገድ፣ ጾምህ ሳይገባ ከረጢትህን ክፈትና ከሽቦው ሥር ያለውን ፍርፋሪ ሁሉ አውጥተህ ተጕመጥመጥ፤ እንዲህ ካደረግህ የትናንት እህል ለዛሬ አይተርፍብህም። ከቈረብህ በኋላ ማየ መቍረር ሲሰጥህ አትቸኵል፤ በሽቦው ዙሪያ ሁሉ እንዲያልፍ አድርገህ ደጋግመህ ዋጠው፤ ማየ መቍረር የሚጠጣውም ለዚህ ነው። ምራቅ እንዳትተፋ አስቀድሞም የታዘዝህ ነህ። ከረጢትህን በዚያ ቀን ዝጋት፤ በማግሥቱ ክፈታት።”

ልጁ ያን ጊዜ የከረጢቷን ጥቅም በእውነት ዐወቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ እርሱ ከቤቱ ሩቅ ነውና፣ ብሩሹ በቤቱ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይረዳውም። የመፋቂያ ብልሃት ሁሉ ከሰው ጋራ መዞሩ ነው፤ አዲሱም ዕቃ ከሰው ጋራ ካልዞረ መፋቂያውን አይተካውም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ዋዜማ ሲሆን ከትምህርት ቤቱ የውሃ ቧንቧ አጠገብ ቆሞ፣ መስተዋቱን ከግንቡ ላይ አስደግፎ፣ ማንም ቢያየው ሳያፍር ያጠራ ዠመረ። ልጓም ያለውም ባልንጀራው መጥቶ ዕቃዎቹን አንድ ባንድ ጠየቀው፤ ከጠየቀም በኋላ ስድቡን ተወው። ሐኪሙም በሚቀጥለው ቀጠሮ ነጭ ምልክቱ እንዳልጨመረ አይቶ ሽቦው እንዲቈይ ፈቀደ።

ከዚህ ታሪክ ለካህናትና ለወላጆች አንድ ምክር ይገኛል። ዛሬ በከተማ ብሬስ የሚያሠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። አፋቸውን የሚሸፍን ልጅ ቢያዩ ኵራት ነው ወይም ቅብጠት ነው ብለው አይፍረዱበት፤ ከረጢቱን ይዞ እንደ ሆነና የሚከፍትበት ስፍራ አግኝቶ እንደ ሆነ ይጠይቁት። ከቍርባን የራቀም ቢሆን፣ የራቀው በንቀት ይሁን በፍርሀት ሳይለዩ አይገሥጹት። ንጽሕና ሥራ ነው፤ ሥራም ዕቃ፣ ጊዜና ስፍራ ይሻል። እነዚህን ሦስቱን ለልጁ ሳይሰጡ ንጹሕ ሁን ማለት፣ ውሃ ሳይሰጡ ታጠብ እንደ ማለት ነው።

ዲያቆኑ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ዐቀበቱን ይወጣል። ከሽሮ ሜዳ ሲነሣ መፋቂያ ከሚሸጠው ልጅ አንድ ወይራ ይገዛል፤ ለራሱ ግን አይደለም። መምህሩ ወይራውን ተቀብለው፣ ጫፉን ነክሰው እርጥብ መሆኑን ይሞክሩና ከጋቢያቸው እጥፋት ያገቡታል። ከዚያም፣ “ያንተስ አለች?” ይሉታል። እርሱም ቦርሳውን መታ መታ አድርጎ፣ “አለች፣ የኔታ” ይላል። ከዚህም በኋላ ቅኔ ቈጠራው ይዠመራል።