የሰማሁትን ነው የጻፍኩት

«እማዬ፣ እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት!» አለኝ የሦስተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ጉለሌ በሚገኘው ቤታችን ከእራት በፊት የእንግሊዝኛ ቃል ጽሕፈት እየሰጠሁት ነበር። ቢላዋ ለማለት «ናይፍ» ብዬ ስጠራለት በኤን ጀመረ። «ኬዋስ? ስንቴ ልንገርህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ደብተሩን ዘግቶ ተነሣ።

ባለቤቴ ከጸሎት ፕሮግራም ተመልሶ በር ላይ ደርሶ ኖሮ፣ «እስቲ ኬዋ እዚያ ምን እንደምትሠራ ለእኔም አስረጂኝ» አለኝ። መልስ አጣሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የእንግሊዝኛ ቃላትን የያዝኳቸው በሽምደዳ ነበር፤ ለምን እንዲያ እንደሚጻፉ ጠይቄ አላውቅም።

በማግሥቱ እንግሊዝኛ የምታስተምር አንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን እህት ጠየቅኋት። በመጀመሪያ ያስረዳችኝ ድምፅና ፊደል ሁለት ነገር መሆናቸውን ነው። ቃልን ከቃል የሚለየው የአፍ ድምፅ ፎኒም ይባላል፤ ያ ድምፅ በወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ፊደል ወይም የፊደላት ጥምር ደግሞ ግራፊም ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ሲኖሩት ድምፆቹ ግን 44 ያህል ናቸው። ስለዚህ ፊደላቱ ይጣመራሉ፤ ኤስና ኤች አንድ ላይ ሆነው «ሽ» ይላሉ። እንዲህ ያለው ጥምረት ዳይግራፍ ይባላል። ኬዋንም እንግሊዞች ጥንት ይጠሯት ነበር፤ ድምፁ ከአፋቸው ሲጠፋ አጻጻፉ ብቻ ቀረ።

ለካ ልጄ አልሰነፈም! የጻፈው የገዛ ፊደላችን እንዳስለመደው ነው። በእኛ ዘንድ አንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ይዞ ይነገራል። የእኛም ቢሆን ሁሉን አይናገርም፤ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ማለታችን፣ መጥበቅ መላላቱን የሚለየው አንባቢው ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀም ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው።

በዚያ ምሽት መሳፍንት ምዕራፍ 12 ትዝ አለኝ። «ሽ» ማለት አልሆንላቸው ብሎ «ሲቦሌት» ያሉ ኤፍሬማውያን በዮርዳኖስ መሻገሪያ ታረዱ፤ በዚያን ጊዜ የወደቁት 42,000 ነበሩ። እኔም በቤቴ መሻገሪያ ላይ ቆሜ ልጄን በአንዲት ፊደል ፈርጄበታለሁ። ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያም እጁን ጉሮሮው ላይ አስደርጌ «ስስስ» አስባልኩት፤ ጸጥ አለ። «ዝዝዝ» ሲል ጉሮሮው ነዘረ። «ዝ» ነዛሪ፣ «ስ» ኢነዛሪ ድምፅ ነው አልኩት። ቲና ኤች ሲጣመሩ ደግሞ የምላስን ጫፍ በጥርሶች መካከል አድርገን መተንፈስ እንዳለብን አሳየሁት። ይህ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ እኔም ተሳሳትኩ፤ አባቱ ሲሞክር ምራቁ ተረጨና ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

ውድ ወላጆች፣ የልጃችንን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዛችን በፊት «ምን ሰማህ?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ይህን የተማርኩት ልጄ በመጨረሻ በጠየቀኝ ጥያቄ ነው፤

«እማዬ፣ ኬዋ ዝም ያለችው ተቆጥተዋት ነው?»