እናቴ ለጥር ትሂድ ወይስ ለሰኔ?

ገሱባ የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ ጎፋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው። ማለዳ የከፈተችውን በር እስከ ማታ አትዘጋውም። ከደጃፏ እንሰት አጠገብ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላታል። ጉልበቷን የሚያማት ክረምት ሲገባ ነው።

ባለፈው ወር ሚኒያፖሊስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን በጥር ትወልዳለች፤ “እናቴ መጥታ ታርሰኝ” አለች። እናቴ ስልኩ እንደተዘጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ “የአገሩ አየር እንደኛ ነው?”

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማወዳደር ልማዴ ነው። ዘመድ ያለንባቸውን ከተሞች በየተራ አስቀመጥኩላት። ወላጅዎን ወደ ውጭ ለመላክ እያሰቡ ከሆነ ለእርስዎም ይጠቅማል።

ከእነዚህ በዓይኔ ያየሁት ዋሽንግተንን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ ለሥልጠና ስሄድ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ ነበር። የአርባ ምንጭን ፀሐይ የለመድኩ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ነበር። ግን አየሩ እርጥበት ያዘለ ነው፤ ከሆቴሉ ደጅ ሳልርቅ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። እኛ ጋ ቀን ቢሞቅ ማታ ይነፍሳል፤ እዚያ ሌሊቱም ይወብቃል። ከሄዱ የቼሪ አበባ በሚፈካበት በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ይሂዱ።

ሲያትል በዝናብ ስሟ ይነሳል እንጂ ዓመታዊ ዝናቧ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የእኛ ክረምት ዶፉን ያወርድና ብዙ ጊዜ ፀሐይ ብልጭ ይላል። እዚያ ከኅዳር እስከ የካቲት ካፊያው ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል፤ በታኅሣሥ ደግሞ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዝናብ አልጠላም፤ በ10 ሰዓት ተኩል መምሸቱን ግን አልችለውም።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእኛ አገር ይህ ወይና ደጋ ነው፤ እዚያ ግን በረዶ ይጥላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ሙቀትና ቅዝቃዜያችንን በዋናነት የሚወስነው ከፍታ ነው፤ ሶዶ ብርድ ቢሰማን ወደ አባያ ሐይቅ ወርደን እንሞቃለን። ወደ ሰሜን ርቀው ለሚኖሩት የሚወስነው የዓመቱ ወቅት ነው።

ከአሜሪካ ከተሞች የእኔ ምርጫ ሎስ አንጀለስ ናት። ክረምቷ ለስላሳ፣ በጋዋ ደረቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ “ትንሿ ኢትዮጵያ” የሚባል ሰፈርም አላት። ችግሯ ሰደድ እሳት ነው።

ከአህጉሩ ትልልቅ ከተሞች ይበልጥ እኛን የምትመስለው ግን ሜክሲኮ ሲቲ ናት። ከፍታዋ 2240 ሜትር፣ ቀኗ ሞቃታማ፣ ምሽቷ ቀዝቃዛ፣ ዝናቧ በክረምታችን ወራት ነው። እኛ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለን እነሱም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ አላቸው። ምን ያደርጋል፣ እዚያ ዘመድ የለንም!

ሚኒያፖሊስን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት። በጥር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው። መሀል ከተማው ሕንፃዎቹ በመስታወት በተሸፈኑ ድልድዮች የተያያዙት ሰው ብርድ ሳይነካው እንዲሄድ ነው። በሰኔና በሐምሌ ግን ሌላ ከተማ ትሆናለች፤ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ፀሐይ ከ15 ሰዓት በላይ ትቆያለች። ስለዚህ ለእናቴ “ለሰኔ ብትሄጂስ?” አልኳት።

እሷም “አራስ እስከ ሰኔ ትጠብቀኛለች?” አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ያዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ውስጥ ለአራስ የሚሆን ዓምድ አልነበረም።

ቲኬቱን ለታኅሣሥ መጨረሻ ቆረጥን። እርስዎም እንዲህ ዓይነት ጉዞ ካለብዎ ከተሞክሯችን ይውሰዱ። ወፍራሙን ካፖርትና የበረዶ ጫማ እዚያው ያለው ዘመድ ገዝቶ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ ይጠብቅ። ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሳሳ ሳሳ ያሉትን መደራረብ ይሻላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆች በተጋገረ በረዶ ላይ ብቻቸውን አይውጡ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

መመለሻዋን በግንቦት አድርገነዋል። እንደ አቅሟ ደጅ መውጣት የምትችልበትን የሚያዝያ አየር እዚያ አይታ፣ ለጊፋታ ገሱባ ትሆናለች። ጉልበቷ ያሳስበኛል፤ እሷን ያሳሰባት ግን ሻንጣዋ ውስጥ ዳጣው እንዳይፈስ ነው።