የሌለ ቡድን ቲሸርት

ሲያትል የምትኖሩ ወገኖች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ አንዳንዴም በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ቲሸርት የለበሰ ሰው አይጠፋም። ደረቱ ላይ «ሶኒክስ» ይላል። እንግዳ ሰው ቢያየው ዛሬ ማታ ጨዋታ ያለ ይመስለዋል። ጨዋታ ግን የለም፤ ቡድኑም ከከተማው ከሄደ ቆይቷል።

የሲያትል ሱፐርሶኒክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የመጣው ቦይንግ ሊሠራው አቅዶ ከነበረው፣ ከድምፅ ከሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። ፕሮጀክቱ በ1971 ተሰረዘና አውሮፕላኑ ሳይበር ቀረ። ቡድኑ ግን 41 የውድድር ዘመናት ተጫወተ፤ በ1979 ዋንጫ አነሣ። በ2006 በ350 ሚሊዮን ዶላር ለኦክላሆማ ሲቲ ባለሀብቶች ተሸጠ፤ በ2008 ወደዚያው ተወስዶ «ተንደር» ተባለ። ከተማውና ባለቤቶቹ ከክርክር በኋላ ሲስማሙ፣ ስሙና ቀለሙ ሲያትል እንዲቀር ተወሰነ። ልብ በሉ፤ ተጫዋቾቹ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ።

ከዚህም የሚገርም አለ። ኤቢኤ የሚባለው ሊግ በ1976 ሲፈርስ አራት ቡድኖቹ ወደ ኤንቢኤ ገቡ። «ስፒሪትስ ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ግን ከውጭ ቀረ። ባለቤቶቹ፣ ሲልና የሚባሉ ወንድማማቾች፣ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተቀበሉ፤ በተጨማሪም ከአራቱ ቡድኖች የቴሌቪዥን ገቢ አንድ ሰባተኛው ለዘለቄታው እንዲከፈላቸው ተዋዋሉ። በዚያን ጊዜ ይህ ብዙ ገንዘብ አይመስልም ነበር። የቴሌቪዥን ገቢ እያደገ ሲሄድ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሆነ። በ2014 ሊጉ ውሉን ለመቋጨት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል እንደተስማማ ተዘገበ። አንድ ተጫዋች የሌለው፣ አንድ ጨዋታ የማያደርግ ቡድን ለአሥርተ ዓመታት ገቢ ነበረው ማለት ነው!

የእነዚህ ቡድኖች አሮጌ ቲሸርት ዛሬ ተፈላጊ ነው። አገር ቤት «ሰልባጅ» ስንለው ዋጋው የሚወርደው ልብስ፣ እዚህ «ቪንቴጅ» ሲሉት ዋጋው ይወጣል። የሚያውቁ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት የእጅጌውንና የታችኛውን ጠርዝ ገልበጥ አድርገው ያያሉ። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በተሠሩ ብዙ ቲሸርቶች ላይ ስፌቱ አንድ መስመር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር እየተለመደ መጣ። ጠርዙን የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትናንት የተሠራ ካናቴራ ቀለሙ እንዲደበዝዝ፣ ጽሑፉም የተሰነጣጠቀ እንዲመስል ተደርጎ ይሸጣል። ማንም ሳይለብሰው ያረጀ፣ ማንም ሳያልበው የነተበ ልብስ ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው በራእይ ምዕራፍ 3 ለሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን የተላከው መልእክት ነው። ጌታ ሕያው ናት ተብላ ስም የወጣላትን ቤተ ክርስቲያን በእርሱ ዓይን የሞተች መሆኗን ይነግራታል። በዚያ አጭር መልእክት ውስጥ «ስም» የሚለው የግሪክ ቃል አራት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሕይወት የሌለበት ስም አለ። ቀጥሎ ልብሳቸውን ያላረከሱ ጥቂት «ስሞች» ይጠቀሳሉ፤ በአማርኛችን «ሰዎች» ተብሎ ተተርጉሟል። ከዚያም ከሕይወት መጽሐፍ የማይደመሰስ ስም፣ በመጨረሻም ጌታ በአባቱ ፊት የሚመሰክርለት ስም ይመጣል። ስምና ልብስ፣ ሁለቱም እዚያው አሉ። የሰርዴስ ሰዎች ስም ነበራቸው፤ ጌታ ግን ጠርዙን ገልብጦ ስፌቱን አየ።

ወገኖች፣ እኛ ወንጌላውያን ክቡር ታሪክ አለን። ሶኒክስ ዋንጫ ባነሣበት በዚያው በ1979፣ በሐምሌ ወር፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘመሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን ተቀምጠዋል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ይህ ሊነገር ይገባል። ነገር ግን የእነርሱን እንባ ያላለቀሰ ትውልድ ታሪካቸውን ደረቱ ላይ አትሞ ቢዞር፣ ያ ሰው ሠራሽ እርጅና ነው። በአባቶች ጸሎት የሚኖር ቤት እንደዚያ በአሮጌ ውል ገቢ እንደሚያገኝ ቡድን ነው፤ ገቢው ይመጣል፣ ሜዳው ላይ ግን ማንም የለም።

በዚህ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን 25 ዓመት ይሞላታል። ኮሚቴው የመታሰቢያ ቲሸርት እንዲታተም ሐሳብ አቀረበ፤ እኔም ደግፌአለሁ። በዚያው ሰሞን ከመሥራች ሽማግሌዎቻችን የአንዱን ልጅ ላነጋግር ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ ታክሲ እየነዳ ቤተሰቡን ያስተዳደረ፣ እሑድ ማለዳ ወንበር የሚደረድር ሰው ነበር፤ አሁን ከጌታ ጋር ነው። ልጁ ወደ ጉባኤ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። የአባቱን የሶኒክስ ቲሸርት ለብሶ ነበር፤ አባቱ በ1996 ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ከቺካጎ ጋር ሲጫወት የገዛው ነው።

«ቡድኑ ሲሄድ እኮ አልተወለድክም» አልኩት እየሳቅሁ።

ልጁ አልሳቀም። በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ አለኝ፦ «ፓስተር፣ የአባቴን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አልችልም። ይሄን ግን ማንበብ እችላለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፍ ቅዱሱን አምጣው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንገናኛለን፤ እርሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአባቱ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ፣ አንድ ክፍል እናነባለን። በሦስተኛው ሐሙስ በገጹ ዳር በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘን። «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። የእርሱ ስም ነበር። አባቱ ከአንድ የተስፋ ቃል አጠገብ ጽፎት፣ ከሥሩም ቀን አስቀምጦበታል። ልጁ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እሑድ መምጣት ጀምሯል ብዬ ልነግራችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ ገና አልጀመረም። ሐሙስን ግን አላስቀረም።

ጌታ ለሰርዴስ የሰጠው ትእዛዝ «ያለፈውን እርሱ» የሚል አይደለም። የተቀበሉትንና የሰሙትን እንዲያስቡ፣ አስበውም እንዲጠብቁ፣ ነቅተውም ሊሞት የቀረበውን እንዲያጸኑ ነው የነገራቸው። ማሰብ የሚጠቅመው እንዲህ ወደ ሥራ ሲመራን ነው። ልብ በሉ፣ «ሊሞት የቀረበው» ማለት ገና አልሞተም ማለት ነው። ገና የሚድን አለ።

እንግዲህ የመታሰቢያውን ቲሸርት በደስታ እንልበስ። ነገር ግን በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። በቤታችን ወይም በጉባኤያችን፣ የወላጆቹን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የማይችል አንድ ልጅ እንፈልግ። ስብከት አናዘጋጅለት፤ አጠገቡ ተቀምጠን አንድ ምዕራፍ እናንብብለት፣ እርሱ በሚሰማው ቋንቋም ይሁን። ይህን ጽሑፍ የምታነብ አንተ፣ የምታነቢ አንቺ፣ በቤተ ክርስቲያን ያደጋችሁ ነገር ግን የቀረላችሁ ስሙ ብቻ እንደሆነ የሚሰማችሁ ከሆነ፣ ጌታ በራችሁን ትቶ አልሄደም። እርሱ እንደ ቡድን አይሸጥም፤ ከተማም አይቀይርም።

ጌታ ሆይ፣ ስም ብቻ ሆነን እንዳንቀር ሕይወትህን ስጠን። በመካከላችን ሊሞት የቀረበውን አጽናልን። የልጆቻችንን ስም በመጽሐፍህ ጠብቅልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።