የጀሪፉ ምርኮኛ

ሪቻርድ ፍላናጋን የሚባል አውስትራሊያዊ ደራሲ አለ። አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ማርከዋቸው፣ የበርማን የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ ከሞት የተረፉ ሰው ናቸው። ልጅ አባቱን ጠይቆና አዳምጦ እ.ኤ.አ. በ2013 ልብ ወለድ አወጣ፤ በዓመቱ የቡከር ሽልማት አገኘበት፤ በ2025 ደግሞ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። አባትየው ያረፉት ልጃቸው መጽሐፉን በጨረሰበት ቀን ነው። ልጁ ሞትን ቀደመው። እኛ ግን ተቀደምን፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው።

ካርቱም፣ ጀሪፍ የሐበሻ ሰፈር ነበር። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ድንበር ተሻግረው፣ አገራቸው ሳይገቡ እዚያው ያረጁ ወታደሮች ነበሩበት። ከመካከላቸው ጋሼ የምንላቸው አንዱ መጋቢት 1980 በኤርትራው ጦርነት አፋቤት ላይ የተማረኩ ናቸው። ቡና ካልተፈላ ስለ ምርኮ አያወሩም። ሲማረኩ የባለቤታቸው ደብዳቤ ከኪሳቸው ተወሰደ። በቃላቸው ይዘውት ስለነበር ማታ ማታ አጠገባቸው ለሚተኛው ጓዳቸው ይሉለት ጀመር። ሌሎቹም ሰሙ። ሚስት የሌላቸው ሳይቀሩ «እስቲ ልጁ ጥርስ ያበቀለበትን ድገመው» ይሏቸው ነበር።

ይህን ለመቅረጽ ታንክ አያሻም። አንድ ድንጋያማ ሸለቆና ጥቂት ጎበዝ ተዋንያን ይበቃሉ። ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። ድፍረት ጠፋ እንዳንል፣ በዓሉ ግርማ ስለዚሁ ጦርነት «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ነው፤ ጦርነቱ ገና እየነደደ፣ የጦርነቱ ባለቤቶች ሥልጣን ላይ ተቀምጠው። በየካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ። እኛ ከ1983 ወዲህ ማን ከለከለን? የጀሪፎቹን ታሪክ ይዞ ወደ ቴሌቪዥን የሄደ አንድም ሰው አላየሁም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጀሪፍ ተበተነ፤ አንዳንዱ በገላባት ወደ መተማ ወጣ፣ አንዳንዱ ወደ ግብፅ፣ አንዳንዱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስለ ጋሼም ወሬ የነገረኝ ሰው የለም። ዛሬ ድራማውን እጽፋለሁ የሚል ቢመጣ ደብዳቤውን ከየት ያገኘዋል? እኔ የማስታውሰው የልጁን ጥርስ ብቻ ነው። መቅረጫ አጥተን አልነበረም። የሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ ነበር፤ ሠርግና ክርስትና ስንቀርጽበት ኖረናል።