የቀርከሃው ከበሮ

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ሕዝብ ከበሮውን ቢነጠቅ በምን ይጨፍራል? «በጭብጨባ» ትል ይሆናል። የትሪኒዳድ ድኆች ግን ሌላ መልስ አገኙ።

ትሪኒዳድ ከቬኔዝዌላ ጠረፍ ማዶ የምትገኝ የካሪብያን ደሴት ናት። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎችና ልጆቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ሙሉ ነጻነት ካገኙ በኋላ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት በሚከበረው ካርኒቫል ከበሮ እየመቱ አደባባይ ይወጡ ጀመር። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ያን ድምፅ ፈሩት። በ1881 ፖሊስና ጨፋሪው ሕዝብ በፖርት ኦፍ ስፔን ተጋጩ፤ በ1884 በወጣ ሕግም በካርኒቫል ከበሮ መምታት ተከለከለ።

ቀርከሃ ግን ከበሮ አይደለም። ሕዝቡ ቀርከሃ ቆርጦ አደረቀና «ታምቡ ባምቡ» አለው፤ «ታምቡ» ከበሮ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

እስቲ አጨዋወቱን በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት። ወፍራሙ ቀርከሃ «ቡም» ይባላል፤ ቁመቱ 1.5 ሜትር ያህል ነው። ተጫዋቹ ቀጥ አድርጎ ይይዘውና ከፍ እያደረገ ታችኛውን ጫፍ ከመሬት ያላትመዋል፤ ያን ጊዜ ከባዶ ሆዱ ጎርናና ድምፅ ይወጣል። «ፉሌ» የሚባሉት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ይጋጫሉ። ቀጭኑ «ከተር» ደግሞ በትከሻ ላይ ተደግፎ በጠንካራ ዱላ ይመታል፤ ሌሎቹ በያዙት ምት ላይ እንደ ልቡ የሚቦርቅ እርሱ ነው። ጠርሙስ በማንኪያ የሚመታም አይጠፋም።

ተመልካች ባለ ከተሩን ያደንቃል። እኔ ግን የማደንቀው ባለ ቡሙን ነው፤ ያችኑ አንዲት ድምፅ ሳይሰለች ይደጋግማል፤ እርሱ ከዘገየ ግን ሰልፉ ሁሉ ይሰናከላል። ደግሞም ቆሞ አይመታም፤ እየተራመደ ምድሪቱን ይደቃል እንጂ። እንግዲህ ከበሮን የከለከለው ሕግ ጎዳናውን ራሱን ከበሮ አደረገው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ቀርከሃ ሲደበደብ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በ1930ዎቹ ወጣቶች የብስኩት ቆርቆሮና የቀለም ጣሳ ቀላቀሉበት፤ ብረቱም ውሎ አድሮ ቀርከሃውን ተካው። ከነዳጅ በርሜል የሚሠራው ስቲልፓን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2023 ነሐሴ 5 ቀን የሚውለውን ኦገስት 11 የስቲልፓን ቀን እንዲሆን ወሰነ። ቀርከሃውን የሚያላትሙ ጥቂት ቡድኖችም ዛሬም በትሪኒዳድ አሉ።