የቆመ ሰው ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2016 ዳካር የሚባለው የሞተርና የመኪና በረሃ ውድድር በደቡብ አሜሪካ ሲካሄድ፣ በሞተር ብስክሌት ምድብ ይመራ የነበረው ፖርቹጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ በሰባተኛው ቀን አንድ ተወዳዳሪ ወድቆ አገኘ። የወደቀው ኦስትሪያዊው ማቲያስ ቫልክነር ነበር፤ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ጎንሳልቬስ ሞተሩን አቁሞ ከጎኑ ተቀመጠ። ሐኪም እስኪደርስ ከ10 ደቂቃ በላይ ሄደበት። በዚህ ውድድር ከፊት ያሉት ሰዎች የሚበላለጡት አንዳንዴ ከዚያ ባነሰ ደቂቃ ነው። በኋላ ግን ዳኞቹ የቆመበትን ጊዜ ቆጥረው መለሱለት። ይህን ያደረጉት ከበጎ ፈቃድ ብቻ እንዳይመስለን፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። የማራቶን ሯጭ የወደቀ ባልንጀራውን ቢያነሣ ያጠፋው ደቂቃ ጠፍቶ ይቀራል። በበረሃ ውድድር ግን ለሰው ብሎ የቆመ ሰው ሰዓቱ አይቆጥርበትም። ስለዚህ ውድድር ብዙ የተወራው ስለ ፍጥነቱ ነው፤ እኔ ግን ልቡ ያለው እዚህ ደንብ ላይ ነው ባይ ነኝ። የበረሃ ውድድርን ከሌላው ሁሉ የሚለየው መቆም ነው፤ ይህንንም ከታወቁት ነጂዎች ይልቅ በራሳቸው ገንዘብና ዕረፍት የሚመጡት አማተሮች አጥርተው ያሳዩናል።

ውድድሩ የተጸነሰው መንገድ በጠፋው ሰው ራስ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን በ1977 ከአቢጃን ወደ ኒስ በሚደረግ ውድድር ላይ ሳለ በሊቢያ በረሃ ከነሞተሩ ጠፋ። ለቀናት በአሸዋ መሐል ከቆየ በኋላ ተገኝቶ ዳነ። ሌላ ሰው ቢሆን በረሃን ዳግም ላለማየት ይምል ነበር። እሱ ግን ሌሎችም ያየሁትን ይዩ ብሎ ተነሣ፤ በዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ትሮካዴሮ 182 ተሽከርካሪዎችን አስነሥቶ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ዳካር ሰደዳቸው። የደረሱት 74 ናቸው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት መኪናውም ሞተሩም በአንድ ላይ ነበር የተቆጠረው፤ ሁሉንም ቀድሞ የገባው በያማሃ 500 ሞተር የተጓዘው ሲሪል ኔቮ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የ182 እና የ74 ልዩነት ነው። ከአሥር ሰው ስድስት ያህሉ የማይደርስበት ጉዞ ላይ “ማን ቀደመ?” የሚለው ጥያቄ ከ“ማን ደረሰ?” በኋላ ይመጣል። በ1982 ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበረው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ማርክ ታቸር እንኳ ስድስት ቀን ጠፍቶ የተገኘው በአልጄሪያ ወታደሮች ፍለጋ ነው። በረሃ የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም።

የአማተር ቡድን ነገር በደንብ ከተመዘገበባቸው ዓመታት አንዱ 2006 ነው። ከሊዝበን ተነሥቶ ዳካር በሚያልቀው በዚያ ዓመት ውድድር ላይ እንግሊዛዊው ተዋናይ ቻርሊ ቦርማን፣ ሳይመን ፔቪና ማት ሆል በሦስት ሞተር ተሰለፉ። ፔቪ በዌልስ ሰዎችን ከአስፋልት ውጭ መንዳት የሚያስተምር፣ በረሃውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቦርማን ግን ለዚህ ጉዞ አዲስ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቦርማን ሁለቱም እጆቹ ተጎድተው ከውድድሩ ወጣ። ሆልም መጨረስ አልቻለም። ዳካር የገባው ፔቪ ብቻ ነው። በሜዳሊያ ዓይን ካየነው ይህ ቡድን ከሦስት ሁለቱን የጣለ፣ ያልተሳካለት ቡድን ነው። በሌላ ዓይን ካየነው ግን የአንዱ መድረስ የሁሉም ሥራ ነበር፤ መለዋወጫውን የጫነው መኪና፣ ማታ ሞተሩን የሚፈታው መካኒክ፣ ገንዘቡን ያፈላለገው፣ ሁሉም የደረሱት በፔቪ ጎማ ነው። ቦርማን በሚቀጥለው ዓመት 2007 ከስኮትላንድ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በሞተር ሲጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጦ አልፏል። ያ ጉዞ ውድድር ስላልነበረ ሰው ባየ ቁጥር መቆም ይችል ነበር።

አማተሩ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማወቅ ለክርክሬ አስፈላጊ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ሰዓት ወደሚያዝበት መነሻ ለመድረስ ብቻ ብዙ ኪሎ ሜትር በብርድ ይነዳል። ከዚያ አሸዋው ይጀምራል። በማኑብሪው ላይ የተገጠመ የመንገድ መመሪያ አለ፤ ርቀትን፣ አቅጣጫንና አደጋን በምልክት ያሳየዋል፤ እየነዳ ያነባል፣ እያነበበ ይነዳል። ጀርባው ላይ ደንቡ የሚያስገድደውን 3 ሊትር ውኃ ተሸክሟል። ጎማው ውስጥ በነፋስ ፋንታ ስፖንጅ መሰል ነገር ተሞልቷል፤ እሾህ ቢወጋው እንዳይተነፍስ። አሸዋ ክምር ላይ ሲወጣ ፍጥነት ከቀነሰ ይሰምጣል፤ አናቱ ላይ ሳይቀንስ ከደረሰ ደግሞ ማዶው ገደል ሊሆን ይችላል። ማታ ሰፈር ሲገባ የሞተር ፋብሪካ ቡድን ነጂ ሞተሩን ለመካኒኮች አስረክቦ ወጌሻው ዘንድ ይሄዳል፣ በልቶ ይተኛል። አማተሩ ግን ዘይት ይቀይራል፣ በአሸዋ የታፈነውን ፊልትሮ ያጥባል፣ ካቴናውን ያጠብቃል፤ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ከተኛ ዕድለኛ ነው። ከእነዚህም የባሱ አሉ። በልማድ “ማል ሞቶ” በሚባለው ምድብ የሚሰለፉት ረዳት የሚባል ነገር የላቸውም፤ አዘጋጆቹ የሚጭኑላቸው ከአንዲት ሣጥን፣ ከድንኳንና ከትርፍ ጎማ ብዙም አያልፍም። መካኒካቸውም እነሱው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ማታ ማታ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዋዋሳሉ። ቀን የተፎካከሩ ሰዎች ሌሊት አንዱ ባትሪ እያበራ ሌላው ብሎን ሲፈታ ያድራሉ። ውድድሩን ባነጹት ሰዎች ሐሳብ ውስጥ የነበረው ውድድር ዛሬም በሕይወት ያለው እዚያ ድንኳን አጠገብ ይመስለኛል።

ይህን ነገር ከሐዋሳ ፒያሳ ሆኖ ማሰብ ሩቅ አገር መመኘት አይደለም። በከተማችን የሚያልፈው መንገድ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘረጋው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው፤ ወደ ሰሜን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱበት አዲስ አበባ፣ ወደ ደቡብ በዲላና በያቤሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱበት ሞያሌ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት የለመደች፣ ዛሬ ደግሞ በባጃጅና በሞተር የምትንቀሳቀስ ከተማ። የከተማዋ ባጃጅ ነጂ ባልንጀራው መንገድ ላይ ሲቆምበት ዝም ብሎ አያልፍም፤ ወርዶ ያያል፣ ቤንዚን ያካፍላል፣ ካልሆነ ገመድ አስሮ ይጎትታል። በረጅም መንገድ ላይም የተበላሸ ከባድ መኪና ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ተደርድሮለት እናያለን፤ ሾፌሩ ያንን የሚያደርገው ለማያውቀው፣ ገና በሌሊት ለሚመጣ ሰው ነው። ዳካር በደንብ ጽፎ ያስቀመጠውን የእኛ መንገድ በልማድ ይዞታል። ሞተሮቹም ባዕድ አይደሉም። እዚህ ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱት አንዳንዶቹን የሚሠራው የህንዱ ቲቪኤስ በዳካር ቡድን ያሰለፈ ኩባንያ ነው። ህንድ በትንንሽ ሞተር የምትኖር አገር ናት፤ በ2015 ግን ሲ ኤስ ሳንቶሽ ዳካርን የጨረሰ የመጀመሪያው ህንዳዊ ሆነ። የቦትስዋናው ሮስ ብራንች ሥራው አውሮፕላን ማብረር ነበር፤ በ2024 በዳካር ሁለተኛ ወጣ፤ የነዳውም የህንዱን የሂሮ ሞተር ነው። ከጆሃንስበርግ እስከ ካይሮ መሐል ያለነው ሕዝቦች ለዚህ እንግዳ ነን የሚል ሰው ብራንችን ያስታውስ።

ከሁሉም ይልቅ ግን መቆምን የሚያውቁት በረሃው ቤታቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። አፋር ውስጥ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ፤ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ዘነበ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ የትኛው መንገድ ሰላም ነው፣ ማን እንግዳ ታየ፤ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረዋል፣ የተነገረው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ መዋሸት ነውር ብቻ ሳይሆን የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው፤ የሐሰት ወሬ በዚያ አገር ሰውና ከብት ሊገድል ይችላልና። ከትግራይ ደጋ ወርደው ጨው የሚያመጡት አርሆዎችም ለብቻቸው አይወርዱም፤ ግመልና አህያ አቀናጅተው በቅፍለት ይሄዳሉ። የሚሄዱበት ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ የተመዘገበበት ምድር ነው። እዚያ ብቻውን የቀደመ ሰው ብልህ አይባልም። የዳካር ተወዳዳሪን የመንገድ መመሪያው አስቀድሞ የታየውን መንገድ ይነግረዋል፤ ዳጉ ግን ዛሬ ጠዋት የሆነውን ይነግራል። ስለዚህ ሰዓት የሚመልሰውን ደንብ ሳይ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች በረሃ ውስጥ ጥቂት ዓመት ከተቀጡ በኋላ የበረሃው ሰው ሲኖርበት የኖረውን ሕግ ወደ መጽሐፋቸው አስገቡት።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ሊያነሣቸው የሚችሉ ከባድ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ደንቡ የደኅንነት ጥንቃቄ እንጂ የምግባር ማስረጃ አይደለም የሚል ነው፤ ሄሊኮፕተር እስኪደርስ ተወዳዳሪውን እንደ ነርስ መጠቀም ነው ይባላል። እውነት አለበት። ነገር ግን ጎንሳልቬስ በቆመባት ቅጽበት ሰዓቱ እንደሚመለስለት ቢያውቅም፣ የነዳበት ግለትና የሐሳቡ ውጥረት አይመለስለትም፤ ሞተሩን ሲያቆም ያጣው ነገር ነበር። ልማድም እኮ ያለ ጥቅም አይበቅልም። ዳጉም ለመዳን የተፈጠረ ነው፤ ከዚያ ግን ክብር ሆነ። ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ነው። አንድ አማተር ለመሰለፍ የሚያወጣው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ነው፤ የሚያልፍበት መንደር ደግሞ ጉድጓድ ውኃ ላይኖረው ይችላል። በ1988 የቫቲካኑ ጋዜጣ ሰው በረሃብና በጥም በሚሞትበት ምድር ላይ ሀብትና ጉልበት ማሳየት ነው ሲል ውድድሩን አውግዟል። ለዚህ መልስ ሆኖ የሚጠቀሰው ዘፋኙ ዳንኤል ባላቭዋን ነው፤ በ1986 ለአፍሪካ መንደሮች የውኃ ፓምፕ ለማድረስ ከውድድሩ ጋር መጥቶ ማሊ ውስጥ ሳቢን በነበረበት ሄሊኮፕተር ተከስክሶ ሞተ። ሞቱ ያሳዝናል፤ ክርክሩን ግን አይዘጋውም። ፓምፕ ከውድድር ጋር መምጣት የለበትም፤ ውኃ የማንም የጉዞ ማስታወሻ መሆን አይገባውም። ለገንዘቡ ተቃውሞ እኔ የምሰጠው መልስ ማል ሞቶዎቹን ማሳየት ነው፤ ውድድሩ ወደዚያች አንዲት ሣጥን በቀረበ ቁጥር ክሱ ይቀልለታል፣ ወደ ፋብሪካ ቡድን በሄደ ቁጥር ይከብደዋል።

ስለ ሞት ለሚነሣው ለሦስተኛው ተቃውሞ ግን ሙሉ መልስ የለኝም። ፔቪ ዳካር በገባበት በዚያው 2006 ውድድር አውስትራሊያዊው አንዲ ካልዴኮት ሞተሩ ላይ ሞተ። እሱ አደጋውን አውቆ የገባበት ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ አንድ ልጅ ጊኒ ውስጥ፣ ሌላ ልጅ ሴኔጋል ውስጥ በውድድሩ መኪኖች ተገጭተው ሞቱ። አንዱ 10፣ ሌላው 12 ዓመቱ ነበር። እነሱ ምንም ነገር አልፈረሙም፤ የቆሙት በገዛ አገራቸው መንገድ ዳር ነው። አዘጋጆቹ በመንደር ውስጥ የፍጥነት ገደብ አውጥተዋል፣ የሚጥሰውንም በሰዓት ይቀጣሉ። ውድድሩ በ2008 በሞሪታኒያ የጸጥታ ሥጋት ምክንያት ከተሰረዘ ወዲህም ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ከ2020 ጀምሮም ወደ ሳዑዲ አረቢያ ሄዷል። መሄዱ ግን ጥያቄውን ይዞት አልሄደም። በረሃ ባዶ መሬት ነው ብሎ ካርታ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው እዚያ የሚኖረውን ልጅ አስቀድሞ ሰርዞታል። የመቆም ደንብ የሚሠራው በተወዳዳሪና በተወዳዳሪ መሐል ብቻ ከሆነ ግማሽ ደንብ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጉዞ በአፋር ሜዳ ይደረግ የሚል ሰው ቢነሣ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው የሞተሩን ዓይነት አይደለም፤ መስመሩን ከማውጣቱ በፊት ከማን ጋር ተቀምጦ ዳጉ እንደተለዋወጠ ነው፤ የት መንደር ላይ ከሞተር ወርዶ በእግር እየገፋ እንደሚያልፍም እጠይቀዋለሁ። ያ ውድድሩን ያዘገየዋል። ይዘግይ።

ጎንሳልቬስ በጃንዋሪ 12 ቀን 2020 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ፣ 546 ኪሎ ሜትር በነበረው የዕለቱ ጉዞ 276ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወደቀ። ከኋላው የመጣው የቀድሞው ዓመት አሸናፊ ቶቢ ፕራይስ ደርሶ ሞተሩን አቆመ፤ ረዳቶች ሲመጡም እስከ ሄሊኮፕተሩ ድረስ አብሮ ተሸከመው። ጎንሳልቬስ አልተረፈም። የሚቀጥለው ቀን የሞተሮች ውድድር ተሰረዘ፤ ፕራይስ የቆመበት ጊዜም ተመለሰለት። ያን ዕለት ግን ሄሊኮፕተሩ ከተነሣ በኋላ ገና 270 ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።